የጉዳይ ጥናት፦ የ«ኤፍኤኪው» ምልክት ከጉግል ማሳያ ወጥቶ ወደ ኤአይ ፍለጋ የገባበት መንገድ

ድረ ገጹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ፍለጋ ውስጥ እንዲጠቀስለት የሚፈልግ ሰው ምክር ቢጠይቅ፣ በቅድሚያ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ «የኤፍኤኪው ስኪማ ጨምርበት» የሚል ነው። በገጹ ላይ ያሉትን ተደጋጋሚ ጥያቄዎችና መልሶች ማሽን ለይቶ እንዲያነባቸው በተዋቀረ መረጃ አስቀምጣቸው ማለት ነው። ምክሩ እንደ አዲስ ግኝት ይቅረብ እንጂ ምልክቱ አሮጌ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ሙሉ ዘመን ኖሯል፤ ተዋውቋል፣ ተወድዷል፣ ያለ ልክ ተሠርቶበታል፣ በመጨረሻም ያስገኝ የነበረው ጥቅም በአንድ ማስታወቂያ ተነሥቷል።

ይህ ጥናት የሚከተለው ያንን አንድ ጉዳይ ነው፤ በጉግል ፍለጋ ውስጥ የጥያቄና መልስ ምልክት ከ2019 እስከ 2023 የደረሰበትንና ከዚያ በኋላ ኤአይ ፍለጋ ሲመጣ የወረሰውን። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የምልክቱ ችግር የተጀመረው ከሚነበበው ጽሑፍ ተለይቶ መኖር ሲችል ነው፤ በኤአይ ፍለጋም የሚያዋጣው ሥራ ከማያዋጣው የሚለየው እዚያው ላይ ነው።

ምልክቱና ጽሑፉ ሲለያዩ

ጉግል በ2009 ሜይ የፍለጋ ውጤቶችን በኮከብና በዋጋ ማስጌጥ ሲጀምር፣ መረጃውን የሚወስደው ገጽ ሠሪዎች በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ገጹ በሚጻፍበት ኮድ ውስጥ ከሚያስገቧቸው ምልክቶች ነበር። በ2011 ጁን 2 ቀን ደግሞ ጉግል፣ ቢንግና ያሁ ስኪማ ዶት ኦርግ የተባለውን የጋራ መዝገበ ቃላት ይፋ አደረጉ። ያንዴክስም በዚያው ዓመት ተቀላቀለ። እያንዳንዱ የፍለጋ ሞተር የየራሱን አጻጻፍ እንዳይጠይቅ፣ «ይህ ዋጋ ነው»፣ «ይህ የደራሲ ስም ነው»፣ «ይህ ጥያቄ ነው» የሚባልበት አንድ ዓይነት አነጋገር እንዲኖር ታስቦ ነበር።

ያኔ ቀዳሚው አጻጻፍ ማይክሮዳታ ነበር። በማይክሮዳታ ምልክቱ የሚገባው ጽሑፉን ራሱን በያዘው ታግ ውስጥ ነው። ዋጋው አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ሰውም ማሽንም የሚያነቡት ያንኑ ቁጥር ነው። ሥራው ግን አድካሚ ነበር። የገጹ ንድፍ በተነካ ቁጥር ምልክቱ ይበላሻል፣ አንዱ ታግ ሲንቀሳቀስ ሌላው ትርጉም ያጣል። ጄሶን-ኤልዲ መጥቶ ይህን ችግር ፈታ። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት፣ ደብልዩ ስሪ ሲ፣ በ2014 ጃንዋሪ እንደ ይፋዊ ደረጃ ያጸደቀው ይህ አጻጻፍ መረጃውን በሙሉ በአንድ የስክሪፕት ታግ ውስጥ ጠቅልሎ ከጽሑፉ ውጭ ያስቀምጠዋል። ንድፍ አውጪው ምንም አይነካበትም፤ ብዙ ጊዜ ፕለጊን የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ራሱ ይጽፈዋል። ጉግልም ከሁሉ አስበልጦ የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ምቾቱን ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ከዚያ ጀምሮ አንዱ መረጃ ሁለት ቅጂ ኖረው፤ አንደኛው ለሰው፣ ሁለተኛው ለማሽን። ሁለቱ እንዲስማሙ የሚያስገድድ ቴክኒካዊ ነገር የለም። ያለው መመሪያ ብቻ ነው። ቀጥሎ የተፈጠረው ሁሉ የመጣው በዚህ ክፍተት ነው።

2019፦ ቦታ የሚያሰፋ ምልክት

ጉግል የኤፍኤኪውንና «እንዴት እንደሚሠራ» የሚያሳየውን የሃው ቱ ምልክት በ2019 ሜይ አስተዋወቀ። ምልክቱን በትክክል ያስገባ ገጽ በፍለጋ ውጤት ውስጥ ከርዕሱና ከማብራሪያው በታች ጥያቄዎቹ በተርታ ይደረደሩለታል። አንባቢው አንዱን ሲነካው መልሱ እዚያው ይዘረጋል። መልሱ ውስጥ ማስፈንጠሪያ ማስገባትና ቃላትን ማድመቅም ይቻል ነበር።

ቀረብ ብለን ምልክቱ የሚጻፍበትን የኮድ ክፍል፣ ብሎኩን፣ እንየው። የይለፍ ቃል ስለ መቀየር የሚያስረዳ የእገዛ ገጽ እንውሰድ። የስክሪፕት ታጉ ሲከፈት ዓይነቱ «አፕሊኬሽን ኤልዲ ጄሶን» መሆኑን ይናገራል። ጥምዝ ቅንፍ ይከፈታል። የመጀመሪያው መስመር «ኮንቴክስት» ነው፤ ቃላቱ የተወሰዱት ከስኪማ ዶት ኦርግ መሆኑን ይገልጻል። ሁለተኛው «ታይፕ» ነው፤ ዋጋው «ኤፍኤኪው ፔጅ»። ከዚያ «ሜይን ኢንቲቲ» የሚል ዝርዝር በማዕዘን ቅንፍ ይከፈታል። በዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱ ጥያቄ «ክዌስችን» ተብሎ ይሰየማል፤ «ኔም» በሚለው ቦታ የጥያቄው ሙሉ ቃል ይገባል፦ «የይለፍ ቃሌን ብረሳው ምን አደርጋለሁ?» ቀጥሎ «አክሰፕትድ አንሰር» ይመጣል፤ በውስጡ «ቴክስት» በሚለው ቦታ የመልሱ ሙሉ ቃል ይቀመጣል። ከዚያ ቅንፎቹ በየተራ ይዘጋሉ። አለቀ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ካልተረሳ በስተቀር የሚያስቸግር ነገር የለውም።

መመሪያው ግን ከብሎኩ የበለጠ ጥብቅ ነበር። ጥያቄውም መልሱም በገጹ ላይ መነበብ አለባቸው፤ ተጣጥፈው ቢቀመጡ እንኳን አንባቢው ከፍቶ ሊያያቸው ይገባል። መልሱን የጻፈው ድረ ገጹ ራሱ መሆን አለበት፤ ተጠቃሚዎች የየራሳቸውን መልስ የሚሰጡበት ከሆነ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ እርሱም «ኪውኤ ፔጅ» ይባላል። ለማስታወቂያ አይውልም። አንድ ጥያቄና መልስ በብዙ ገጾች ላይ ከተደገመ ምልክት የሚደረግበት በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

ይህን የመጨረሻ ሕግ ስንቱ ገጽ እንደጣሰው ባለሙያዎች ያውቁታል።

ጎርፉ

የእገዛ ገጽ ያላቸው ድረ ገጾች በምልክቱ በአግባቡ ተጠቀሙበት። ለእነርሱ ጥያቄዎቹ ቀድሞም ነበሩ፤ ሰዎች በእውነት የሚጠይቋቸው ነበሩ። ችግሩ የመጣው ከሌላው ወገን ነው። በስልክ መስታወት ላይ አንድ ውጤት ከነጥያቄዎቹ ሲዘረጋ ከሥሩ ያሉትን ተወዳዳሪዎች ወደ ታች ይገፋቸዋል። ደረጃው ሳይሻሻል ቦታው ይሰፋል። ይህ በታወቀ ጊዜ ጥያቄ የማያስፈልጋቸው ገጾች ሁሉ ጥያቄ ማብቀል ጀመሩ።

የምርት ገጽ ግርጌ ላይ «ይህ ምርት ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ፣ መልሱም «አዎን፣ እጅግ ጥሩ ነው» ከነማስፈንጠሪያው። የዜና ገጽ ግርጌ ላይ ዜናውን በጥያቄ መልክ የሚደግም ክፍል። ዓይን እንዲስብ በጥያቄው መጀመሪያ ላይ የተለጠፈ ኢሞጂ። በዎርድፕረስ ላይ እንደ ዮስት ያሉ ፕለጊኖች የጥያቄና መልስ ብሎክ ስለሚያቀርቡ ጽሑፉን ከምልክቱ ጋር ማዘጋጀት የጥቂት ጠቅታ ሥራ ሆነ። ፕለጊኑ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ጽሑፉንና ምልክቱን ከአንድ ቦታ ስለሚያወጣ ሁለቱን ቅጂዎች ያስታርቃቸዋል። ከዚህ የባሰው በገጹ ላይ ፈጽሞ የማይነበብ ጥያቄ በብሎኩ ውስጥ ብቻ መክተት ነበር። ለሰው የማይነገር፣ ለማሽን ብቻ የሚነገር ነገር ማለት ነው።

ጉግል በመጀመሪያ የሞከረው መጠኑን መቀነስ ነበር። በ2021 ጁን ላይ በአንድ ውጤት ሥር የሚታዩትን ጥያቄዎች ወደ ሁለት አወረደ። ይህ እርምጃ ለማስጠንቀቂያነት ይበቃ ነበር። የማሳያው ባለቤት ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ሲፈልግ እንደሚያጠበው በግልጽ ያሳያል። ኢንዱስትሪው ግን ከዚያ የተማረው ሁለቱን ጥያቄዎች አሳምሮ መምረጥን ብቻ ነው።

ኦገስት 2023

በ2023 ኦገስት 8 ቀን ጉግል ለውጡን አስታወቀ። ከእንግዲህ የኤፍኤኪው ማሳያ የሚሰጠው በሰፊው ለታወቁና ለታመኑ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ማሳያው በመደበኛነት አይታይም። የሃው ቱ ማሳያ በዚያው ማስታወቂያ ከስልክ ተነሥቶ በኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲቀር ተደረገ፤ በሴፕቴምበር ከኮምፒውተርም ጠፋ። ምክንያት ተብሎ የተሰጠው የፍለጋ ውጤቱን ንጹሕና ወጥ ማድረግ የሚል ነበር። አበው «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የሚሉት ለዚህ ነው።

በማስታወቂያው ውስጥ ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል፤ ብዙዎች የዘለሏቸው ግን እነርሱን ነው። አንደኛ፣ ለውጡ የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ አልነበረም። ገጹ ያለበት ቦታ አልተነካም፤ የተነሣው ማሳያው ነው። ሆኖም ሰፊ ቦታ ይዞ የነበረ ውጤት ሲጠብ የሚነካው ሰው ሊቀንስ ስለሚችል፣ ጉግል ለገጽ ባለቤቶች በሚያቀርበው ሪፖርት፣ በሰርች ኮንሶል፣ ላይ የቁልቁለት መስመር ያየ ባለቤት «ደረጃዬ ወረደ» ብሎ ቢደነግጥ አያስገርምም። ምርመራው መጀመር የነበረበት «አማካይ ደረጃ» የሚለውን መስመር ከጠቅታዎቹ መስመር ጎን በማስቀመጥ ነው። አማካይ ደረጃው ባለበት ሆኖ ጠቅታው ብቻ ከወረደ፣ ጠፍቶ የተገኘው ማሳያው ነው።

ሁለተኛ፣ ጉግል ምልክቱን ማንሳት አያስፈልግም አለ። ጥቅም ላይ ያልዋለ የተዋቀረ መረጃ ለፍለጋው ችግር አይፈጥርም፤ የሚታይ ውጤትም የለውም። በዚህ ምክንያት በእጅግ ብዙ ገጾች ላይ ብሎኩ ባለበት ቀረ፤ ማንም አይመለከተው፣ ማንም አያድሰው። ጽሑፉ ሲታረም ብሎኩ አልታረመም። የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት በየወሩ እየሰፋ ሄደ ማለት ነው። ይህ ዝርዝር ለኤአይ ፍለጋው ክፍል ያስፈልገናል።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ዓይነቱ አካሄድ ለኤፍኤኪው ብቻ የተጻፈ እጣ አይደለም። በፍለጋ ውጤት ላይ የጸሐፊን ስምና ፎቶ ያሳይ የነበረው የጸሐፊነት ምልክት በ2011 ጀምሮ በ2014 ኦገስት ቆመ። ድርጅቶች በራሳቸው ገጽ ላይ ለራሳቸው የሚሰጡት የኮከብ ደረጃ በ2019 ሴፕቴምበር ከማሳያው ወጣ። በ2025 ጁን ደግሞ ጉግል እንደ ክሌም ሪቪውና ስፔሻል አናውንስመንት ያሉ ሌሎች የማሳያ ዓይነቶችን ቀስ በቀስ እንደሚያስወግድ አስታወቀ። ማሳያ ይመጣል፣ ማሳያ ይሄዳል። ሆኖም በ2023 ኖቬምበር፣ ኤፍኤኪው ከተገደበ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ያው ጉግል ለድርጅት ማንነት የሚያገለግለውን «ኦርጋናይዜሽን» የተባለ ምልክት አሰፋው፤ ስም፣ አድራሻ፣ መገናኛና የንግድ መለያ ቁጥሮችን እንዲቀበል አደረገ። ለማስጌጥ የሚያገለግለው ሲጠብ ማንነትን የሚገልጸው እየሰፋ መሄዱ የትኛው ወገን ዘላቂ እንደሆነ ይጠቁማል ብዬ አምናለሁ።

ምልክቱ በኤአይ ስም ሲመለስ

ጉግል በ2023 ሜይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጁ መልሶችን በፍለጋው ውስጥ መሞከር ጀመረ፤ በ2024 ሜይ «ኤአይ ኦቨርቪው» በሚል ስም በአሜሪካ ለሰፊው ሕዝብ ቀረበ። ቻትጂፒቲም ድሩን እየፈለገ ምንጭ መጥቀስ ጀመረ። ኤፍኤኪው ተረስቶ ከተቀመጠበት የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ክርክሩ እንዲህ ይላል፦ ሰዎች ኤአይን የሚያናግሩት በጥያቄ ነው፤ ኤፍኤኪው ጥያቄና መልስ ነው፤ ስለዚህ ኤፍኤኪው ስኪማ ያለው ገጽ ይጠቀሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን ከእነርሱ አይከተልም። ጥያቄና መልስ ሆኖ የተጻፈ ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ጽሑፍ የሚደግም የስክሪፕት ብሎክ ሌላ ነገር ነው። አንባቢው ጥያቄ፣ ከሥሩ ቀጥተኛ መልስ ሆኖ የተጻፈ አንቀጽ ሲያገኝ፣ መልስ ፈልጎ የሚቆርጥ ማሽንም ያንኑ አንቀጽ ያገኛል። ለዚህ ስኪማ አያስፈልግም።

ጉግል በሰነዱ ላይ በኤአይ ኦቨርቪውና በኤአይ ሞድ (ፍለጋውን በጭውውት መልክ በሚያካሂደው ክፍል) ውስጥ ለመታየት የተለየ የስኪማ ዓይነት ማስገባት እንደማያስፈልግ፣ አዲስ ለማሽን የሚነበብ ፋይል ማዘጋጀትም እንደማያስፈልግ ጽፏል። የሚጠየቀው ገጹ በማውጫው ውስጥ መግባቱና ቅንጭብ ጽሑፍ ሊታይለት የሚችል መሆኑ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያልፈው ቀዳዳ ነው። ቅንጭብ እንዳይታይ የሚከለክለው «ኖስኒፔት» የሚለው ትእዛዝ በስሕተት የተተወበት ገጽ በስኪማ ቢሞላም ቅንጭብ ጽሑፉን ለመልሱ አይሰጥም። በሌላው ጎን፣ የማይክሮሶፍት ቢንግ ባልደረባ ፋብሪስ ካኔል በ2025 ማርች በሙኒክ በተካሄደ የፍለጋ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የስኪማ ምልክት የማይክሮሶፍትን የቋንቋ ሞዴሎች ይዘትን እንዲረዱ እንደሚያግዝ ተናግሯል። ሁለቱ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ግን አይጋጩም። አንዱ «አያስፈልግም» አለ፣ ሌላው «ያግዛል» አለ። ግዴታና እገዛ ለየቅል ናቸው። ኤፍኤኪውን እንደ መግቢያ ትኬት የሚሸጠው ሰው ግን ከሁለቱ ከአንዳቸውም ድጋፍ አያገኝም።

ብሎኩን ማን ያነበዋል?

አንድ የኤአይ መልስ ከገጽ ላይ መረጃ የሚያገኝባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው፤ ክርክሩ የሚደበላለቀውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ በፍለጋ ሞተር ማውጫ በኩል ነው። ጉግልና ቢንግ ገጹን ሲቃኙ ጄሶን-ኤልዲውን ለይተው ያነቡታል፤ ይህ የታወቀ ሥራቸው ነው። ከማውጫቸው የሚነሣ የኤአይ መልስ ከዚያ ንባብ በተዘዋዋሪ ሊጠቀም ይችላል። የድርጅቱ ስም ከሌላ ተመሳሳይ ስም እንዳይምታታ፣ የምርቱ ዋጋና መኖር አለመኖሩ በትክክል እንዲያዝ ምልክቱ ይረዳል።

ሁለተኛው መንገድ የኤአይ ድርጅቱ ቦት፣ ማለትም ገጽ የሚቃኘው ፕሮግራሙ፣ ራሱ መጥቶ ገጹን ሲያወርድ ነው። እዚህ ጋር ሁለት ወንፊቶች አሉ። የመጀመሪያው ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ገጹ ከተከፈተ በኋላ የሚሠራው ኮድ፣ ነው። ቨርሴል የተባለው ድርጅት በ2024 ዲሴምበር ባወጣው ትንተና እንደ ጂፒቲ ቦትና ክሎድ ቦት ያሉ ዋና ዋና የኤአይ ቃኚዎች የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ሲያወርዱ እንጂ ሲያስኬዱ እንዳልታዩ አሳይቷል። የጉግሉ ጀሚናይና የአፕሉ ቦት ግን ያስኬዳሉ። ስለዚህ ብሎኩ በጉግል ታግ ማኔጀር ወይም በሌላ ስክሪፕት አማካይነት ገጹ ከተከፈተ በኋላ የሚተከል ከሆነ፣ ለእነዚያ ቦቶች አልተጻፈም ማለት ነው። የጉግል መሞከሪያ «ትክክል ነው» እያለ አረንጓዴ ምልክት ሲሰጥ፣ ሌላው ቦት ባዶ ገጽ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ወንፊት ጽሑፍን ከኮድ መለየት ነው። ገጹን ለቋንቋ ሞዴል የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ስክሪፕት ታጎችን አራግፎ የሚነበበውን ጽሑፍ ብቻ ያስቀራል። ለሥልጠና በሰፊው ከሚያገለግሉት የድር ስብስቦች አንዱ የሆነውን ኮመን ክሮልን ብንወስድ፣ ጥሬውን ኤችቲኤምኤል በዋርክ ፋይሎች፣ ከኮድ የጸዳውን ጽሑፍ ደግሞ በዌት ፋይሎች ያስቀምጣል። ጄሶን-ኤልዲው በዋርኩ ውስጥ አለ፤ በማንሃይም ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው ዌብ ዳታ ኮመንስ የተዋቀረ መረጃን የሚያወጣው ከዚያ ነው። ጽሑፉን ብቻ የወሰደ ግን ብሎኩን አያገኘውም።

እነዚህን ሁለት ወንፊቶች ሁልጊዜ ሳይጣል የሚያልፈው በሰርቨሩ በኩል ተዘጋጅቶ የሚመጣው፣ በዓይን የሚነበበው ጽሑፍ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄን በብሎክ ውስጥ ብቻ የሚደብቅ ዘዴ በኤአይ ፍለጋ ከቀድሞው ይልቅ ኪሳራ የሚሆነው። ቀድሞ ቢያንስ ማሳያ ያስገኝ ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ገጹን በኮምፒውተር ከፍቶ «የገጹን ምንጭ አሳይ» የሚለውን መምረጥና ከመልሱ አንድ ለየት ያለ ሐረግ መፈለግ ይበቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በብሮውዘሩ የምርመራ መስኮት የሚታየው ጃቫስክሪፕት ከሠራ በኋላ ያለው ገጽ ስለሆነ ያታልላል። ሐረጉ በምንጩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተገኘ፣ አንዱ በአንቀጽ ታግ ውስጥ ሌላው በስክሪፕቱ ውስጥ ከሆነ፣ ሁለቱም ቅጂዎች ከሰርቨሩ ይወጣሉ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በስክሪፕቱ ውስጥ ብቻ ከተገኘ ለማሽን ብቻ የተነገረ ጽሑፍ አለ፤ ከመመሪያውም ጋር ሳይጋጭ አይቀርም። ፈጽሞ ካልተገኘ ገጹ የሚገነባው በጃቫስክሪፕት ነው፤ ስለ ስኪማ ከማሰብ በፊት የሚስተካከለው እርሱ ነው።

የቀሩት ብሎኮች ምን ይደረጉ?

ከ2023 ወዲህ ሳይነኩ የቀሩት የኤፍኤኪው ብሎኮች በሙሉ ይነቀሉ የሚል አስተያየት አለኝ ማለት አይደለም። ጥያቄው እውነተኛ ከሆነና መልሱ በገጹ ላይ ከተነበበ ብሎኩ ቢቆይ አይጎዳም። ከመልሱ ጋር የተጣላ ከሆነ ግን አሁን ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም አንዱ ሥርዓት ጽሑፉን፣ ሌላው ብሎኩን ሲያነብ ስለ አንድ ነገር ሁለት መልስ ይወጣል። የእገዛው ገጽ «የይለፍ ቃሉን ለመቀየር በስልክ ቁጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል» እያለ ብሎኩ አሁንም ስለ ድሮው የምሥጢር ጥያቄ የሚያወራ ከሆነ፣ ምልክቱ ያሳስታል። በዚህ ጊዜ ማረም፣ ማረም ካልተቻለ ማንሳት ነው።

እንዲሁ የተፈለፈሉት ጥያቄዎች ግን፣ ማለትም ማንም ያልጠየቃቸውና ለቦታ ማስፊያ ብቻ የተጻፉት፣ ከነጽሑፋቸው ቢወገዱ ይሻላል። ገጹን ያረዝሙታል፣ ዋናውን መልስ ያርቁታል። ጉግል ምልክትን አላግባብ በተጠቀመ ገጽ ላይ በሰው እጅ ቅጣት ሲጥል የሚቀረው ልዩ ማሳያው እንጂ ደረጃው እንዳልሆነ በመመሪያው ተጽፏል፤ ስለዚህ ፍርሃት ለማስወገጃ ምክንያት አይሆንም። አንባቢው ግን ይሆናል።

በተገኘው ጉልበት ምን ይሠራ ቢባል፣ እኔ የማስቀድመው ማንነትን ነው። ድርጅቱን የሚገልጽ አንድ «ኦርጋናይዜሽን» ብሎክ፣ በቋሚ መለያ፣ ማለትም «አይዲ» በሚለው ቦታ ሁልጊዜ በማይለወጥ አድራሻ ተሰይሞ፣ ከሌሎቹ ገጾች በዚያው መለያ እየተጠቀሰ። «ሴም አዝ» በሚለው ቦታ ድርጅቱ በእውነት ወደሚገኝባቸው ሌሎች ይፋዊ ገጾች የሚጠቁሙ አድራሻዎች። በጽሑፍ ገጾች ላይ የጸሐፊው ስምና ጽሑፉ የተሻሻለበት ቀን፤ ቀኑ የሚለወጠው ጽሑፉ ሲለወጥ ብቻ ነው፣ በየሌሊቱ በራሱ የሚታደስ ቀን ውሸት ነው። በሽያጭ ገጾች ላይ ዋጋና መኖር አለመኖር፣ በገጹ ላይ ዋጋውን ከሚያወጣው ከዚያው የመረጃ ቋት እየተቀዳ። ብሎኩን በእጅ የሚሞላ ሰው ካለ ሁለቱ ቅጂዎች መለያየታቸው አይቀርም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የትኛው ቦት እንዲገባ የትኛው እንዳይገባ የሚናገረው ሮቦትስ ፋይሉ መፈተሽ አለበት። ኦፕንኤአይ ለፍለጋ የሚጠቀምበት ቦት ለሥልጠና ከሚጠቀምበት ጂፒቲ ቦት የተለየ ስም አለው፤ «ኦኤአይ ሰርች ቦት» ይባላል። ሥልጠናን ለመከልከል ብሎ ሁሉንም በአንድ መስመር የዘጋ ባለቤት በቻትጂፒቲ ፍለጋ ውስጥ አልታይም ብሎ ስኪማ ቢጨምር ትርፉ ድካም ነው።

መለካቱ

አሁን ባለው አሠራር ይህ ጉዳይ የሚከብደው መለካት ላይ ነው። ጉግል በኤአይ ኦቨርቪውና በኤአይ ሞድ የመጡ ጠቅታዎችን በሰርች ኮንሶል ውስጥ ከተራው የድር ፍለጋ ጋር ደምሮ ነው የሚያቀርበው። ስለዚህ «የኤፍኤኪው ስኪማ ካስገባሁ በኋላ በኤአይ መታየቴ ጨመረ» የሚል ሰው ማስረጃው ከዚያ ሪፖርት ሊሆን አይችልም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነውም እንዲህ ነው፦ ስኪማውን ሲያስገቡ ጥያቄዎቹን በገጹ ላይ ይጽፋሉ፣ መልሶቹን ያሳጥራሉ፣ ቀኑን ያድሳሉ። ከዚያ የመጣው ለውጥ በሙሉ ለብሎኩ ይመዘገባል።

ነገሩን በእውነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚመሳሰሉ ገጾችን በሁለት ወገን ይከፍላል። ጽሑፋቸውን አይነካም። በአንደኛው ወገን ብሎኩን ብቻ ያስገባል፤ በሌላው ምንም አያደርግም። አንድ ዓይነት የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅቶ በየኤአይ ፍለጋው ላይ በተደጋጋሚ ይጠይቃል፤ መልሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አንድ ጊዜ መጠየቅ አይበቃም። የትኞቹ ገጾች እንደተጠቀሱ ይመዘግባል፤ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶም የትኛው ቦት የትኛውን ገጽ በየትኛው ቀን እንዳወረደ ያያል። ወደ ሁለቱም ወገን ገጾች ያልመጣ ቦት ካለ በእርሱ በኩል የተጠቀሰውን ወይም ያልተጠቀሰውን ለብሎኩ መቁጠር አይቻልም። ቀጥሎ፣ ሌላ የገጽ ስብስብ ወስዶ ተቃራኒውን ይሞክራል፦ ጥያቄዎቹን በገጹ ላይ በግልጽ ይጽፋል፣ ብሎኩን ግን አያስገባም። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሥራውን የሠራው ጽሑፉ ይሁን ምልክቱ ለዚያ ድረ ገጽ መለየት ይጀምራል።